ቅመሺው፣ ካልጣመሽ ተይው

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እቤቱ ራት ጠራኝ። እናቱ ከጃፓን ሊጠይቁት መጥተው ስለነበር ምግቡን የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሳየው ደስ አለኝ፣ ሩዝ አለ፣ የተጠበሰ ዓሣ አለ፣ ምን እንደሆኑ የማላውቃቸው ግን ለዓይን የሚያምሩ አትክልቶች አሉ። ከዛ ዳር ላይ አንዲት ትንሽዬ ጎድጓዳ ሳህን አየሁ። ውስጧ ቡናማ ፍሬ አለ፣ ባልደረባዬ በቾፕስቲክ ሲያማስለው ቀጫጭን የሚያጣብቅ ክር እየተሳበ ወጣ፣ ሽታውም ወዲያው ደረሰኝ። ናቶ ነው የሚባለው። የተቀቀለ አኩሪ አተር ላይ ባሲለስ ሰብቲለስ የሚባል ባክቴሪያ ገብቶበት ሞቅ ያለ ቦታ ለአንድ ቀን ገደማ ሲብላላ የሚሠራ ምግብ ነው፣ ክሩም ሽታውም የሚመጣው ከዚሁ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ይሄን ያወቅኩት ኋላ ነው፣ በሰዓቱ የማውቀው አፌ ግጥም ብሎ መዘጋቱን ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ እየበላ ነው። እንደዚ ዓይነት ቦታ ላይ የምንላቸው ነገሮች አሉ አይደል፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ»፣ «ሆዴን ትንሽ ሸንቆጥ እያደረገኝ ነው»፣ «በኋላ እቀምሳለሁ»። አንዷን ልል አፌን ሳንቀሳቅስ እናትየው ተነሱና ወደ ኪችን ሄዱ። ሁለት ትንንሽ ሳህን ይዘው ተመለሱ። አንዷ ላይ ከዛ ነገር ጥቂት ፍሬ ብቻ አስቀመጡ፣ ሁለተኛዋን ባዶዋን ከጎኗ አደረጉና ናፕኪን ደረቡበት። የሆነ ነገር አሉኝ። ባልደረባዬ ተረጎመልኝ፣ «ቅመሺው፣ ካልጣመሽ እዚህ ላይ ተይው፣ እኔ አላይሽም እያለች ነው»። እና የምራቸውን ነው፣ ፊታቸውን አዙረው ከሌላው እንግዳ ጋር ወሬ ጀመሩ።

ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር ይላል፣ ሽታው አፍ ውስጥ ሲገባ ከውጪ ከሚሸተው በጣም ይለሰልሳል፣ የከበደኝ ማጣበቁ ነው። የተወሰነውን ዋጥኩ፣ የቀረውን ባዶዋ ሳህን ላይ አድርጌ በናፕኪን ሸፈንኩት። ትንሽ ቆይተው ሁለቱንም ሳህን አነሱ፣ «እንዴት ነው?» የለ፣ ፊቴን ማጥናት የለ፣ ምንም። ወሬው ቀጠለ።

ከዛ ምሽት በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ጣዕሙ አይደለም ያልወጣው። ስንት የሚወደኝ ሰው ስንት ጊዜ «ለኔ ስትይ»፣ «አንድ ጊዜ ብቻ»፣ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው» እያለ ለምኖኝ፣ ተቆጥቶኝ፣ ማንኪያ አፌ ድረስ አምጥቶ ያልተከፈተው አፍ፣ ቋንቋቸውን በማልችል እናት አንዲት ባዶ ሳህን እንዴት ተከፈተ? ይሄን ጥያቄ ይዤ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙም አሰብኩ፣ እዚህ የምጽፈው ያገኘሁትን ነው።

ፍርሃቱ የራሱ ምክንያት አለው

በመጀመሪያ አዲስ ምግብ መፍራት ነውር አይደለም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1976 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሁሉን በሊታ የሆነ ፍጡር ያለበትን ችግር በደንብ ጽፎታል። ኮዋላ የሚባለው የአውስትራሊያ እንስሳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው የሚበላው፣ ስለዚ ምን ልብላ ብሎ አይጨነቅም። ሰውና አይጥ ግን ማንኛውንም ነገር መብላት ስለሚችሉ ማንኛውም ነገር ሊገላቸው ይችላል። አዲስ ነገር ካልሞከሩ ይራባሉ፣ ከሞከሩ ደሞ ሊመረዙ ይችላሉ። ሁለቱም ፍላጎት እኩል አንድ ሰው ውስጥ አለ፣ ያ ጉጉትም ያ መጠራጠርም።

አይጥ ማስመለስ አትችልም። መርዝ ከዋጠች ማስወጫ የላትም። ስለዚ የማታውቀውን ምግብ ስታገኝ በጣም ትንሽ ትቀምስና ትጠብቃለች፣ ሆዷ ሰላም ከሆነ ተመልሳ ትንሽ ትጨምራለች። ይሄን ያነበብኩ ቀን እናትየው ያስቀመጡልኝ ጥቂት ፍሬ ትዝ አለኝ፣ የሰውነትን ሕግ ያከበረ መጠን ነበር እኮ። ሙሉ ሳህን ሞልተው ቢሰጡኝ ኖሮ ከመጀመሪያው ማንኪያ በፊት ሙሉው ሳህን ነበር የሚያስፈራኝ።

ልጆች ላይ ደሞ ይሄ ፍርሃት ጎልቶ የሚወጣው ከሁለት ዓመት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ለምን ቢባል ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ያሳምነኛል፣ ልጁ በራሱ እግር ሄዶ ያገኘውን ሁሉ አፉ መክተት የሚችለው በዛ ሰዓት ነው፣ ስለዚ ሰውነቱ ጠባቂ ያቆምለታል። አምና ሁሉን ይበላ የነበረ ልጅ ዘንድሮ አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር ፊቱን ቢያዞር ልጁ አልተበላሸም፣ እናቱም ምንም አላጠፋችም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ፣ ይሄ ተረት አፍ ላይ ካለው ይልቅ ሆድ ውስጥ የቆየ ነው የሚመስለኝ።

ሌላው ደሞ ሰውነት አንዴ ከተጎዳ አይረሳም። ጆን ጋርሲያና ጓደኞቹ 1955 ላይ አይጦች ሳካሪን የገባበት ጣፋጭ ውሃ እየጠጡ ባሉበት ሰዓት ጨረር ሰጧቸው፣ ጨረሩ አሳመማቸው፣ ከዛ በኋላ ጣፋጩን ውሃ እምቢ አሉ። ውሃው ምንም አላደረጋቸውም፣ ግን ጭንቅላታቸው ጥፋቱን በጣዕሙ ላይ ጻፈው። ኋላ በተሠሩ ሙከራዎች ደሞ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ቢመጣ እንኳ ጥላቻው እንደሚያዝ ታየ። ሰው ላይም እንደዛው ነው፣ ጉንፋን ሊይዝሽ በነበረበት ቀን የበላሽው ምግብ ለዓመታት ሊያስጠላሽ ይችላል፣ ምግቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይሄ ነገር ከለመድነው ምግብ ይልቅ አዲስ ምግብ ላይ በቀላሉ ስለሚጣበቅ፣ ስትታመሙ ወይ ሆዳችሁ ሲረበሽ አዲስ ምግብ አትጀምሩ፣ ምግቡን ያለ ጥፋቱ ለዘላለም ልታጡት ትችላላችሁ።

«ይጣፍጣል እኮ!» የሚለው ክርክር

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያደክመኝ ይሄ ነው፣ «ይጣፍጣል እኮ! እንዴት አይጣፍጥሽም?» ተብሎ የሚጀመረው ክርክር። አንድ ሳህን ላይ ያለ አንድ ምግብ ሁለት ሰው አፍ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ይሄ ማጋነን አይደለም። 1931 ላይ አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት ዱፖንት በሚባል የኬሚካል ኩባንያ ላብራቶሪ ውስጥ ፒቲሲ የሚባል ዱቄት ሲሠራ ትንሽ ወደ አየር በነነ፣ አጠገቡ የነበረው የሥራ ጓደኛው «አፌን መረረኝ» ብሎ አማረረ፣ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። ኋላ በ2003 ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት የሆነው ጂን ተለየ፣ መራራ ነገር የሚቀበል አንድ የምላስ ተቀባይ ላይ ያለ ልዩነት ነው።

የድምብላል ቅጠልም እንደዛ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ሳሙና ሳሙና ይለኛል የሚለው። 2012 ላይ ብዙ ሺ ሰዎችን ያካተተ የጂን ጥናት ይሄን ስሜት ሽታ ከሚቀበሉ ጂኖች አካባቢ ካለ ልዩነት ጋር አገናኝቶታል፣ ጂኑ ብቻውን ሁሉን አይወስንም፣ ልማድም ትልቅ ድርሻ አለው፣ ግን ሰውዬው እየቀበጠ እንዳልሆነ ያሳያል። አፍንጫችን ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉ፣ የያንዳንዱ ሰው ስብስብ ደሞ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። እና ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፣ ስናኝክ ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ከረሜላ አኝኩ፣ ጣፋጭነቱ ብቻ ነው የሚሰማችሁ፣ ስትለቁት ፍሬው ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ናቶውም አፍ ውስጥ ሲገባ ሽታው የተለወጠብኝ ለዚህ ነው፣ በፊት በኩል የሚገባ ሽታና ከጀርባ የሚወጣ ሽታ ለጭንቅላታችን አንድ አይደለም።

ስለዚ ጣዕም ላይ ማሸነፍ ብሎ ነገር የለም። ሰውዬው አልጣመኝም ካለ አልጣመውም፣ አለቀ። ክርክሩ እዛ ላይ ቢቆም ኖሮ ስንት ሰው ስንት ምግብ ደግሞ ይሞክር ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ከተከራከርክ በኋላ ደግሞ መሞከር መሸነፍ ይመስላል።

ግዴታ የለም ሲባል

አሁን ወደ ባዶዋ ሳህን ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛች ላይ ነው ያለው።

ካፒቴን ጄምስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1768 ኢንደቨር በሚባለው መርከብ ሲነሳ በበርሜል በርሜል የተብላላ ጥቅል ጎመን ጭኖ ነበር፣ ሳወርክራውት የሚባለው። በዛን ጊዜ ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር አይታወቅም፣ ግን መርከበኛውን ድዱን እያደማ ጥርሱን እያረገፈ የሚገለው ስከርቪ ላይ ጎመኑ ይጠቅም ይሆናል ተብሎ ነው። መርከበኞቹ አዲስ ምግብ አይወዱም፣ ጎመኑን አንበላም አሉ። ኩክ ካፒቴን ነው፣ መገረፍም ማስገረፍም የተለመደበት ዘመን ነው። እሱ ግን ጎመኑ በየቀኑ ተዘጋጅቶ ለመኮንኖቹ ማዕድ እንዲቀርብ አደረገ፣ መኮንኖቹ ሁሉም እየበሉ፣ ተራው መርከበኛ ግን የፈለገውን ያህል እንዲወስድ ወይ ጭራሽ እንዲተው ነጻ ተወው። ራሱ በማስታወሻው እንደጻፈው ሳምንት ሳይሞላ ፈላጊው ስለበዛ ለሁሉም በመጠን ማደል ግድ ሆነበት።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው ሲያወራው እንደ ብልጠት ነው የሚያወራው፣ የአለቃን ምግብ ሰው ይመኛል እያለ። እኔ ግን «ወይ ጭራሽ እንዲተው» የምትለዋ ላይ ነው የምቆመው። መተው የሚችል ሰው ብቻ ነው መፈለግ የሚችለው። ማንኪያ ወደ አፌ ሲገፋ የኔ ሥራ መከላከል ይሆናል፣ አፌ ጥርሱን ነክሶ በር ይጠብቃል፣ ምግቡ ምን ዓይነት ነው ብሎ ለማሰብ ጊዜም ቦታም የለውም። ባዶዋ ሳህን ከጎኔ ስትቀመጥ ግን የመከላከሉ ሥራ አበቃ፣ መውጫው አለ፣ የቀረኝ ጥያቄ «ይሄ ነገር ምን ይላል?» ብቻ ሆነ። ጉጉቱ ድሮም ነበረኝ እኮ፣ መተንፈሻ ነው ያጣው።

ይሄ በጥናትም ታይቷል። 2006 ላይ በታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ያሉ ልጆች ሾርባ ቀረበላቸው፣ አንዱን ዓይነት ሲበሉ «ጨርሱ» እየተባሉ፣ ሌላውን ሲበሉ ደሞ ማንም ምንም ሳይላቸው። ምንም ባልተባሉበት የበለጠ በሉ፣ በተገደዱበት ላይ ደሞ ስለ ሾርባው መጥፎ መጥፎውን ያወሩ ነበር። ሽልማትም ያው ነው፣ «ይሄን ከበላህ ያንን እሰጥሃለሁ» ሲባል ልጁ ለጊዜው ይበላል፣ ግን ለምግቡ ያለው ፍቅር ወደ ኋላ ይቀንሳል፣ ሊያን በርች የምትባለው ሳይኮሎጂስት በ1980ዎቹ ደጋግማ ያሳየችው ነው። ልጁ የሚማረው ግልጽ ነው፣ ካሳ የሚከፈልበት ነገር መጥፎ መሆን አለበት።

የበርች ሌላው ሥራ ደሞ ለኔ ተስፋ የሰጠኝ ነው። 1982 ላይ የሁለት ዓመት ልጆችን የማያውቁት አይብና ፍራፍሬ አንዳንዱን ደጋግመው አንዳንዱን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲቀምሱ አደረገች፣ የበለጠ የወደዱት የበለጠ የቀመሱትን ሆኖ ተገኘ። ቀጥላ ደሞ ማየት ብቻ ይበቃል ወይ ብላ ፈተነች፣ አይበቃም፣ ማየት ለዓይን ነው የሚጠቅመው፣ ምላስ የሚለምደው በምላስ ነው። ጥቂት፣ ያለ ጫና፣ ደግሞ ደጋግሞ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ቀን «አልጣመኝም» ማለት ፍርድ ሆኖ መዝገብ የሚዘጋው እኛው ስለዘጋነው ነው። ለኔም ናቶ በኋላ ላይ ከሩዝ ጋር፣ ትንሽ ሰናፍጭ ገብቶበት ሌላ ነገር ሆኖ ነው የመጣው፣ ዛሬ ፈልጌ የምበላው ምግብ ነው፣ ማጣበቁን ግን አሁንም አልወደድኩትም፣ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

ማን ሲበላው አይተናል?

እንደገና አይጦች ጋር ልመለስ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ከሁሉም ደንቆኛል። ካናዳ ውስጥ ቤኔት ጋሌፍ የሚባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ ያሳየው ነገር አለ። አንዷ አይጥ አዲስ ምግብ በልታ ስትመጣ ሌላዋ አፏን ታሸታለች፣ ከዛ በኋላ ያቺ ያሸተተችው ምርጫ ሲሰጣት የጓደኛዋን ምግብ ነው የምትመርጠው። ሽታው ለብቻው አይበቃም፣ ከሕያው አይጥ ትንፋሽ ጋር መሆን አለበት። ማለትም «ይሄን የበላች አለች፣ በሕይወትም አለች» የሚል ዜና ነው የምትቀበለው።

እናም ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ምግቡን የሚያውቀው እንደዛ ነው። ጁሊ ሜኔላ የምትባል ተመራማሪ 2001 ላይ ባሳተመችው ሥራ፣ በእርግዝናቸው ወይ በማጥባታቸው ጊዜ የካሮት ጭማቂ አዘውትረው የጠጡ እናቶች ልጆች በኋላ ካሮት የገባበት ገንፎ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን የማኮሳተራቸው ነገር ውሃ ከጠጡት እናቶች ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ገና ሳንወለድ የሌላ ሰው ማዕድ ላይ ነበርን። «የኔ ምግብ» የምንለው የመጀመሪያው የታመነ ሰው የሰጠን ነው፣ ስለዚ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የምንቀበለው በዛው መንገድ ቢሆን ምን ይገርማል? ከማላውቀው ሰው ሱቅ ገዝቼ ብቻዬን ብሞክረው ናቶ አፌ አይገባም ነበር፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ይሄ መተማመን ሲጎድል ደሞ ምን እንደሚሆን ታሪክ አለ። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ ሲሄድ ተወዳጅ ሆነ፣ ርካሽ ነው፣ በደንብ ያፈራል፣ ድሃው ገበሬ ሌላ ምግብ እስኪረሳ ድረስ በላው። ግን በቆሎውን ሺ ዓመታት የኖሩበት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች እንዲሁ አይበሉትም ነበር፣ ከኖራ ጋር ቀቅለው ነው የሚፈጩት፣ ያ ደሞ በቆሎው ውስጥ ተቆልፎ ያለውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ያስለቅቀዋል። አውሮፓ ፍሬውን ወስዳ ዕውቀቱን ተወችው። 1735 ላይ ጋስፓር ካሳል የሚባል ስፔናዊ ሐኪም ቆዳ የሚያቃጥል አዲስ በሽታ ድሆች ላይ አየ፣ ኋላ ፔላግራ ተባለ፣ ጣሊያንን አመሰ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደሞ ደቡብ አሜሪካን ግዛቶች ውስጥ፣ ዩናይትድ ስቴትስ ማለቴ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ናያሲን መድኃኒቱ እንደሆነ የታወቀው 1937 ላይ ነው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ሴቶቹ ወጥ ቤታቸው ውስጥ መልሱን ይዘውት ነበር እኮ፣ የጠየቃቸው የለም። ለአዲስ ምግብ ክፍት መሆን ስል የምግቡን ባለቤቶች መስማትን ጨምሬ ነው፣ እንዴት እንደሚሠሩት፣ ከምን ጋር እንደሚበሉት፣ መቼ እንደማይበሉት።

ሽታና ስም

ከዛ ራት በኋላ ባልደረባዬ አንድ ነገር ነገረኝ። ሥራ ቦታ ምሳውን ሁልጊዜ ውጪ ለምን እንደሚበላ አላውቅም ነበር፣ ነፋስ የሚወድ መስሎኝ ነበር። ለካ ድሮ ሌላ መሥሪያ ቤት እያለ ምሳውን ሲከፍት አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ምንድነው የሞተ ነገር የሚሸተው?» አለ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት የእናቱን ምግብ ከፍቶ አያውቅም። የነገረኝ በቀላሉ ነው፣ እንደ ተራ ወሬ፣ እኔ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ያ ሰው ስለ ምግብ ያወራ ይመስለዋል። ባልደረባዬ የሰማው ግን ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ እጅ፣ ስለ ልጅነቱ ነው።

እና ደሞ ያ ቃል አብረው የነበሩትን ሁሉ አፍንጫ ነው የለወጠው። 2005 ላይ የታተመ የኦክስፎርድ ሙከራ አለ፣ ለሰዎች አንድ ዓይነት ሽታ እየሰጡ አንዴ «ቼዳር አይብ» የሚል ጽሑፍ አንዴ «የሰውነት ሽታ» የሚል ጽሑፍ አሳዩዋቸው። አይብ ሲባል ደስ ይላል አሉ፣ የሰውነት ሽታ ሲባል ደስ አይልም አሉ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሽታን የሚያስተናግደው ክፍል ራሱ ሲመዘን አብሮ ተለወጠ። ሽታው ያው ነው። ስለዚ ማዕድ ላይ «እፍፍ» ብለን ስንናገር ራሳችንን ብቻ አይደለም የምንገልጸው፣ አጠገባችን ያለው ሕፃን ምን እንደሚሸተው እየወሰንንለት ነው። «አልለመድኩትም» ማለት ይቻላል፣ እውነት ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ነገ ለመልመድም በሩን ክፍት ይተዋል።

ለኔ ድንበሩ እዚህ ላይ ነው የተሰመረው። መውደድ ከማንም ላይ አይጠየቅም። መቅመስም ቢሆን ከሚችል ሰው ብቻ ነው። ምግብ ማክበርና ምግቡን ያቀረበውን ሰው ማክበር ግን ከሁላችንም ይጠበቃል፣ ቀምሰንም ሳንቀምስም።

የማይቀምስም ሰው አለ

ከሚችል ሰው ያልኩት በምክንያት ነው። ኦቾሎኒ ወይ ሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው «ትንሽ ምን ትሠራለች» ሲባል ትንሿ ሆስፒታል ልታስገባው፣ ከዛም በላይ ልትሆን ትችላለች። ሃይማኖቱ ወይ ህሊናው የከለከለው ሰው ደሞ ምክንያቱን ማዕድ ላይ ማስረዳት የለበትም። ሌሎች ደሞ አሉ፣ ምግብ የመምረጣቸው ነገር ከአመል ያለፈ፣ ክብደታቸውንና ጤናቸውን እስኪነካ ድረስ የሚሄድ፣ 2013 ላይ የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ አርፊድ በሚል ስም እንደ ሕመም ያወቀው ነው። እንደዚ ዓይነት ልጅ ያላት እናት «አስርቢውና ይበላል» የሚል ምክር ስትሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ባለሙያ ጋር ነው መሄድ ያለባት፣ ረሃብ እነዚህን ልጆች አያስተምራቸውም።

የአይጧ ዘዴም ሁሉ ቦታ አይሠራም። ጫካ ውስጥ ያገኛችሁትን እንጉዳይ ትንሽ ቀምሶ መጠበቅ ሞኝነት ነው፣ ገዳይ ከሚባሉት ውስጥ አንዳንዶቹ ሕመማቸው የሚጀምረው ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፣ ያኔ ጉበት መጎዳት ጀምሯል፣ የሚቀምሱት ሰዎች ደሞ ጣዕሙ ጥሩ ነበር ይላሉ። መራራው ካሳቫም በትክክል ካልተዘፈዘፈና ካልተዘጋጀ ሳያናይድ ይለቃል። ጉጉት ጥሩ ነው፣ ግን ከሚያውቅ ሰው እጅ ሲሆን።

ቀጥሎ ያለው

እኔ ዛሬ ሰው ቤቴ ሲመጣና የማያውቀውን ነገር ሳቀርብ ትንሽ ነው የማስቀምጠው፣ ከሚያውቀው ነገር ጎን፣ መጀመሪያ እኔ እበላለሁ፣ ባዶ ሳህንም አደርጋለሁ። «እንዴት ነው?» አልልም፣ መናገር የፈለገ ራሱ ይናገራል። እኔ ደሞ ሰው ቤት ስሄድ የማላውቀው ነገር ከገጠመኝ «ይሄን እናንተ መቼ ነው የምትበሉት?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መልሱ ከታሪክ ጋር ነው የሚመጣው፣ ታሪኩን እየሰማሁ ስቀምስ ምግቡ እንግዳ መሆኑ ይቀንሳል።

ገና ያልደፈርኩት ነፍሳት መብላት ነው፣ እነ አንበጣን ማለቴ ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት 2013 ላይ ባወጣው ሪፖርት ነፍሳት የሁለት ቢሊዮን ያህል ሰዎች የተለመደ ምግብ አካል እንደሆኑና ከ1,900 በላይ ዓይነቶች እንደሚበሉ ጽፏል፣ ስለዚ እዚህ ላይ እንግዳዋ እኔ ነኝ። ሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ነፍሳትም ሊያስነሱበት ስለሚችሉ መጠንቀቅ አለበት፣ እኔ ደግነቱ የለብኝም። አንዲት ጓደኛዬ አገሯ ደርሳ ስትመለስ በጨውና በሚጥሚጣ የተጠበሰ የአንበጣ ዘመድ እንደምታመጣ ነግራኛለች፣ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የበላችው ነው። መጀመሪያ ተፈጭቶ ሩዝ ላይ ተነስንሶ ይሁንልኝ ብያታለሁ፣ ቅርጹን ሳላየው ጣዕሙን ልወቀው፣ እግሩና ክንፉ ያለውን ደሞ ቀጥዬ አየዋለሁ፣ እሷም እሺ ብላለች።